አብሹ ወይስ አብሳይዋ?

ባለፈው ሰሞን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ መቼም ደግ ነገር አያመጣም፤ ልቤ ቀጥ እንዳለ አነሳሁት። መጀመሪያ የተሰማኝ የሕፃን ልቅሶ ነው፤ ቀጥሎ የእናቲቱ።

«እትዬ፣ ወተቴ ጠፋ» አለችኝ የእህቴ ልጅ።

ከወለደች አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነች። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል። እናቷ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ፣ አሜሪካ ናት፤ በቀን ሦስት ጊዜ በቪዲዮ እየደወለች «አይዞሽ» ትላታለች። ልጅቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማታ ማታ ወደ ቤቷ ከምትሄድ አንዲት ሠራተኛ ጋር ነው አራስ ቤቷን የያዘችው።

«አብሹን ጠጥተሻል?» አልኳት።

«ጠጥቻለሁ።»

«አጥሚቱንስ?»

«እሱንም። ተልባውንም፣ የሽፈራው ሻዩንም። ሁሉንም ከሱፐርማርኬት አስገዝቼ አድርጌአለሁ። ምን የቀረኝ ነገር አለ እትዬ?»

የቀራትን ያኔ አልነገርኳትም። በሌሊት፣ በስልክ፣ ለምታለቅስ አራስ የሚነገር ነገር አልነበረም። ዛሬ የምጽፈው ግን እሱኑ ነው። መንገዱ ትንሽ ዞር ያለ ነውና ታገሱኝ።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ አንድ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ቃሉ ነው። አማርኛችን ስለ ጡት ወተት ሲናገር ብዙውን ከላሟ ነው የሚወስደው። ላሟም ሴቲቱም ከወለዱ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ቢጫ ወተት «እንገር» ነው። ወተት ሲሞላ ጡቷ «አጋተ» እንላለን፤ ሲደርቅ «ነጠፈ»። እናቱን የካደ ልጅ «ጡት ነካሽ» ነው፤ ሳይወለድ የተዘመደ ደግሞ «የጡት ልጅ»። ይህን ሁሉ ቃል ያከማቸ ሕዝብ ወተት እንዳይነጥፍ ሲጨነቅ የኖረ ሕዝብ ነው።

ጭንቀቱ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመት ገደማ የተጻፈው፣ ኤበርስ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው የግብጻውያን የሕክምና መጽሐፍ ወተት ላነሳት እናት የሚሆን መድኃኒት አለው። የዓሣ አጥንት በዘይት ይሞቅና ጀርባዋ ይታሻል። በሮማውያን ዘመን፣ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪደስ ደግሞ የሚያዘው እንስላልን ነው። ቅጠሉ ይበላ፣ አለዚያም ፍሬው ከገብስ ውኃ ጋር ተቀቅሎ ይጠጣ ይላል። ገብስና እንስላል! የመንዝ ባልቴት ብትሰማው «እና ምን አዲስ ነገር ተናገረ?» ነው የምትለው። ግሪኮቹ ወተት ያመጣል ብለው ያመኑበትን አንድ ተክል እንዲያውም «ፖሊጋላ» ብለውታል፤ «ብዙ ወተት» ማለት ነው። ዛሬም ሐኪሞች ወተት አምጪውን ሁሉ የሚጠሩበት «ጋላክታጎግ» የሚለው ቃል ከዚያው ከግሪክ «ጋላ»፣ ከወተት የመጣ ነው። እኛ ፍኖተ ሐሊብ የምንላት ጋላክሲም የዚሁ ቃል ዘመድ ናት።

አብሽም የዋዛ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነገሠው በቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ ፍሬው ተገኝቷል። ዐረቦች ሑልባ ይሉታል፤ በሐረርም ሑልበት ነው። የመናውያን ለአራስ ያቀርቡታል። ሕንዶችም እንዲሁ። የሚገርመው ሑልባ የሚለው ስምና ወተት ማለት የሆነው ሐሊብ በዐረብኛ በእነዚያው በሦስቱ ፊደላት፣ በሐ በለ እና በበ የሚጻፉ መሆናቸው ነው። የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይደለም እያልኩ ተማሪዎቼን ስቆጣ ስለኖርኩ ከዚህ በላይ አልሄድም።

ወደ እኛ ጓዳ እንግባ። በደጋው አገር አራስ የምትያዘው በገብስና በአጃ ነው። አጃው፣ አንዳንዱ ስናር የሚለው፣ ከገብሱ መሐል ሳይዘሩት የሚበቅል ነው፤ ገበሬው እንደ አረም ነቅሎ ሳይጨርሰው አብሮት ያጭደዋል። እሱ ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤና በማር ተሠርቶ አጥሚት ይሆናል። ገብሱ ገንፎ ሆኖ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይሞላበታል። ተልባው ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ይበጠበጣል። አብሹ ተፈጭቶ ይዘፈዘፋል፤ ምሬቱ እስኪለቅ ውኃው ከላይ እየተደፋ ይለወጣል፤ ነጭ አረፋ እስኪሆን ይመታና በማር ይጠጣል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደግሞ ቦርዴ አለ። ከበቆሎ፣ ከማሽላና ከሌላም እህል የሚጠመቅ ወፍራም መጠጥ ነው። ወተት ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን የወለደች ሴት በደንብ እንድትጠጣው ትደረጋለች።

አገራችን የመድኃኒት መጻሕፍት አላጣችም። ደብተሮች በግዕዝና በአማርኛ የጻፏቸው አሉ፤ ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትረልሲን እነዚህን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟል። ይህ የወንዶቹ ብራና ነው። ከላይ የቆጠርኩላችሁ ግን በብራና አልመጣልንም። የመጣልን ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአማት ወደ ምራት፣ በማማሰያ ጫፍ ነው። በአፍ የመጣ ነገር ደግሞ አንድ ችግር አለበት። እቃው ሲተላለፍ ትርጉሙ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። የእህቴ ልጅ ጋ የደረሰው እቃው ነው።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ አስተምር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ወተቴ አነሰ። ልጁ ያለቅሳል፤ እኔም አለቅሳለሁ። ጠያቂ ሁሉ እየመጣ «ምነው ከሳ?» ይላል። አንዲት የባለቤቴ ዘመድ «የተማረች ሴት ወተት ድሮም ቀጭን ነው» ብላ ቡናዋን ጠጥታ ሄደች። ይህን ቃል ሃያ ዓመት አልረሳሁትም።

ከዚያ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከመንዝ መጣች። ገብስ፣ አጃ፣ አብሽ፣ አንድ ማሰሮ ቅቤ። እኔ ያን ጊዜ በዲግሪዬ የተነፋሁ ስለነበርኩ «እማዬ፣ አብሽ ወተት እንደሚያመጣ በምን ታወቀ?» አልኳት። እሷም «አንቺ በምን አደግሽ?» አለችኝና ወደ ማድቤት ገባች።

በአምስተኛው ቀን ጡቴ አጋተ። ልብሴ እስኪርስ ድረስ። ልጁ አብሽ አብሽ ይሸት ጀመር። ይህ እንኳ ቀልድ አይደለም፤ አብሽ ውስጥ ሶቶሎን የሚባል ነገር አለ፤ ጣፋጭ ሽታው በላብም በሽንትም ይወጣል። እኔም «ለካ አብሽ መድኃኒት ነው!» ብዬ አመንኩ።

ከአንድ ወር በኋላ እናቴ የአጎቴ ተዝካር ደረሰባትና ወደ አገሯ ተመለሰች። አብሹን እንዴት እንደምታዘጋጀው ለሠራተኛዬ አሳይታ፣ ሁለት ኪሎ ትታልን ነው የሄደችው። እኔም አንድ ቀን ሳላጓድል ጠጣሁ። አብሹ ያው አብሽ፣ ማሩ ያው ማር። ወተቴ ግን በሳምንቱ ጎደለ። ሁለት ወሬ ሲሞላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። በዚያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 60 ቀን ነበር። ከትምህርት ክፍል ወደ ክፍል ስሮጥ፣ ያጋተ ጡቴን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሳልበው፣ ሥራ በገባሁ በስድስተኛው ሳምንት ነጠፈ። ልጄ የቆርቆሮ ወተት ጀመረ። እናቴ ስትሰማ «አብሹ አለቀብሽ?» አላለችኝም። «ማን አለሽ?» ነው ያለችኝ።

ጥያቄዋን የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው። እናቴ በመጣች ጊዜ ያደረገችውን አንድ በአንድ ሳስታውስ አብሹ ከዝርዝሩ ትንሹ ነበር። መጀመሪያ ሕፃኑን ከአልጋው አንስታ ደረቴ ላይ አደረገችው፤ ሌሊትም እዚያው። ባለቀሰ ቁጥር ወደ ጡት። ጠያቂውን ከሳሎን አላሳለፈችም፤ ያቺን ባለ ቀጭን ወተቷን ሴትዮ በተለይ። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ከራስጌዬ አንስታ የት እንደደበቀችው እስከ ዛሬ አላውቅም። በየሁለት ሰዓቱ ትኩስ ነገር ይዛ ትመጣለች፤ ጠጥቼ እስክጨርስ አጠገቤ ቁጭ ትላለች። ተኝቼ ስነሳ ልብሱ ታጥቦ፣ ቤቱ ጠርጎ አገኘዋለሁ። በአንድ ወር ውስጥ ድስት አልነካሁም።

አሁን ሳይንሱ ምን ይላል? ሳይንሱ እናቴን አላሳፈራትም፤ አብሹን ግን ብቻውን አላነገሠውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቱርክ ውስጥ በ66 እናቶችና ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት አብሽ ያለበት ሻይ የጠጡት ከሌሎቹ የበለጠ ወተት እንደታለበላቸው አሳየ። ደስ ይላል። በ2020 ግን ኮክሬን የተባለው ጥናት መርማሪ ድርጅት ከ17 ባላነሱ አገሮች የተካሄዱ 41 ጥናቶችን፣ ከ3,000 በላይ እናቶችን ያካተቱትን፣ አንድ ላይ ሲመዝን፣ እነዚህ ተክሎች ሊጠቅሙ ይችሉ ይሆናል፣ ማስረጃው ግን እጅግ ደካማ ነው አለ። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሌላ ነው። ወተት የሚሠራው ሲጠባ ነው። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ይነሳል፤ በሌሊት ደግሞ የበለጠ። ጡት ባዶ ሲሆን ይሠራል፤ ሞልቶ ሲቆይ ሥራውን ይቀንሳል። የተሠራውን ወደ ውጭ የሚገፋው ሁለተኛው ሆርሞን፣ ኦክሲቶሲን፣ ደግሞ ድንጋጤና ጭንቀት አይወድም።

ይህን የመጨረሻውን ያሳየ አንድ አሮጌ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 ኒውተን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ አንዲት የምታጠባ እናትን በተለያየ ቀን መዘኑ። በሰላም ስታጠባ ሕፃኑ ያገኘው 168 ግራም ነበር። እግሯን በረዶ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ጣቷን እየጎተቱ፣ በሒሳብ ጥያቄ እያዋከቧት ስታጠባ ወደ 99 ወረደ። በዚያው ዋከባ መሐል ኦክሲቶሲን ሲወጓት ወተቱ ተመለሰ። ወተቱ ነበር ማለት ነው፤ የሚወርድበት ሰላም ነው የጠፋው። የኛዎቹ አራስ ጠያቂዎች ያለ በረዶ ውኃ፣ በምላስ ብቻ፣ ይህንኑ ሙከራ በየቤቱ ሲያካሂዱ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ዓለምን አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩልኝ። ሜክሲኮ ለአራስ የበቆሎ ሙቅ ይሰጣል። ቻይና የአሳማ እግር ሾርባ ነው። ፊሊፒንስ የእኛው ሽፈራው ዘመድ የሆነው የሞሪንጋ ቅጠል ሾርባ ይቀርባል። እኛ ጋ አብሽና አጥሚት። ተክሉ በየአገሩ ይለያያል። የማይለያየው ምንድን ነው? ትኩስ ነው፣ ፈሳሽ ነው፣ ሌላ ሰው ነው የሚሠራው። ቻይናዎች እናቲቱን አንድ ወር ያስተኟታል፤ የላቲን አሜሪካ ሰዎች 40 ቀን። እኛም ለወንድ እስከ 40፣ ለሴት እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሳ አራስ እንላታለን። እኔ ከዚህ የምረዳው ይህን ነው። አብሹ ሰውየው በር ላይ እንደሚያሳየው መግቢያ ወረቀት ነው፤ አብሽ ይዛ የመጣች ሴት ለመቆየት ነው የመጣችው። መድኃኒቱ አብሹን ዘፍዝፎ፣ ለውጦ፣ መትቶ ለማጠጣት የሚፈጀው ጊዜ ነበር። የሚዘፈዘፍ ነገር ሰውን ያሳድራል።

ያለፈውን ሁሉ ማርያም ናት ልል አይደለም። ያው ጓዳ እንገሩን «የቆየ፣ የተበላሸ ወተት ነው» ብሎ ሲያስደፋ ኖሯል። ዛሬ የምናውቀው ግን ያ ቢጫ ወተት የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት መሆኑን ነው። ያው ጓዳ ለተወለደ ሕፃን ከጡት በፊት ቅቤ ያልስ ነበር። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንኳ ከመቶው ስምንት ያህል ሕፃናት ከጡት በፊት ሌላ ነገር ቀምሰው ነበር። አልኮል ያለበት መጠጥ ወተት ያመጣል የሚለውም ተፈትኖ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች እናት አልኮል ስትጠጣ ሕፃኑ የሚያገኘው ወተት አንሷል። አብሹም ቢሆን የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ለምትወስድ፣ ለነፍሰ ጡርም፣ ሐኪም ሳይጠየቅ የሚጠጣ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ግን ወተት ሲያንስ ጥፋቱን ለሴቲቱ መስጠት ነው፤ ወይ ዓይን በልቷት፣ ወይ ተምራ፣ ወይ ልጁን ስላልወደደችው።

ያ ጥፋተኝነት ደግሞ ገበያ አለው። ጀርመናዊው ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1865፣ ስዊዘርላንድ የነበረው ሄንሪ ኔስሌ በ1867 የሕፃናት ምግብ ሲሠሩ እናት ለሌለው ሕፃን በረከት ነበር። ዛሬም ጡት ማጥባት ለማትችል እናት ያው ነው፤ የእኔንም ልጅ ያሳደገው እሱ ነውና አልክደውም። ነገር ግን ነጋዴው እናት ላለውም ይሸጥ ጀመር። ሲስሊ ዊልያምስ የተባለች ሐኪም ሲንጋፖር ላይ በ1939 «ወተትና ግድያ» በሚል ርእስ ባሰማችው ንግግር ማስታወቂያውን አወገዘች። በንጹሕ ውኃ እጦት፣ በቀጠነ ወተት ሕፃናት ሲያልቁ አይታለች። ዓለም የሰማው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 የእናት ጡት ወተት ምትክ ንግድን የሚገዛውን ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ። የተቃወመችው አንዲት አገር አሜሪካ ነበረች።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላኛው መደርደሪያ ነው። ከቆርቆሮው ወተት ፊት ለፊት አብሽ በፓኬት፣ አጥሚት በፓኬት ተደርድሯል። ከባሕል የተረፈው በ500 ግራም ታሽጎ ይሸጣል። አብሳይዋ ግን አብራ አልታሸገችም። ሴቲቱም ፓኬቱን ጨርሳ ወተት ስታጣ «ባሕሉም ሳይንሱም እኔ ላይ አልሠራም» ትላለች። ሁለት ጊዜ ተሸጠላት፤ ሁለት ጊዜም ተወቀሰች።

መንግሥትም በሒሳቡ ይግባበት። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን ስድስት ወር ሙሉ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ፤ 180 ቀን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእህቴ ልጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው። በእኔ ጊዜ ከነበረው ተሻሽሏል፤ ግማሹ ግን ገና ይቀራል። ለመንግሥት ሠራተኞች በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ መልካም ትእዛዝ ነው። በዚያው በጠቀስኩት የ2008ቱ ዳሰሳ ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። ለቀሩት አብሽ አልጠፋባቸውም። የሚጎድለው ቀን ነው፤ ክፍልም ነው፤ ሰውም ነው።

ወደ ሌሊቱ ስልክ ልመለስ። እንደነጋ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ በሩን ስትከፍትልኝ ሕፃኑ አንድ እጇ ላይ፣ ጡጦው ሌላው እጇ ላይ፣ ስልኩ በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ነበር። ስልኩን ተቀብዬ ዘጋሁት። አስተኛኋት፤ ልጁንም ደረቷ ላይ። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ከሰዓት መጥታ አጠባቡን እንድታይልን ተነጋገርን፤ ለካ ልጁ ጡቷን በደንብ አልጎረሰውም ነበር፤ እናቴም ይህን ታይ ነበር። ከዚያ ኩሽና ገብቼ አብሹን ዘፈዘፍኩ። ውኃውን የምለውጠው ማታ ስለሆነ እዚያው አደርኩ። አሥር ቀን አደርኩ።

ወተቱ በአብሹ መጣ አልልም፤ በእኔ መጣም አልልም። መጣ።

እንግዲህ በዚህ ሰሞን አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱ ብትኖሩ አብሹን ያዙ፤ ነውር የለውም። ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ልጁን «ምነው ከሳ» ብላችሁ አትውጡ። ሰሃኑን እጠቡ፣ ልብሱን አስጡ፤ የምትችሉም ከሆነ እደሩ።